የኃላፊ ፕዮ ማህተምና የሶል ጠርሙስ

ሕንፃ ተሠርቶ ሰው ከገባበት፣ ከነዋሪዎቹ አንዱ ወረቀት አዋቂ መሆኑ አይቀርም። ሊፍት የሌለው ሕንፃ አይቻለሁ፤ ውሃ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ የማይወጣበት ሕንፃ ውስጥ ኖሬአለሁ፤ ወረቀት አዋቂ የሌለበት ሕንፃ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጉዳይ ለማስፈጸም ስትወጡ በር ላይ ያገኛችሁና የት እንደምትሄዱ እንኳ ሳይጠይቅ፣ በእጃችሁ ያለውን ወረቀት በጎን አየት አድርጎ «በዚህ ከሄድሽ ይመልሱሻል» ይላል። ትስቃላችሁ። ትሄዳላችሁ። ይመልሷችኋል።

ጉንሳን ወደብ አጠገብ ባለው በእኛ ባለ አሥራ አምስት ፎቅ ሕንፃ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር የክፍል ኃላፊ ፕዮ ሃክጉን ናቸው። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እኛ ዘንድ ግን ሰው ጡረታ ይወጣል እንጂ ማዕረግ ጡረታ አይወጣም፤ ጥበቃው ኃላፊ ይላቸዋል፣ አትክልት ሻጯ ኃላፊ ትላቸዋለች፣ የጥርስ ሐኪማቸው አፋቸውን አስከፍቶ «ኃላፊ፣ ትንሽ ሰፋ ያድርጉልኝ» ይላቸዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ 1102 ቁጥር ውስጥ ከመደርደሪያ ሙሉ ፋይል ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ።

ሥራቸውን ግን አላቋረጡም። ሊፍቱ ውስጥ «እባካችሁ ድመቶቹን አትመግቡ» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ፣ በማግስቱ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ቀን የለውም። አውጪው አካል አልተገለጸም» ተብሎበት ይገኛል። አንዴ የሰርግ ጥሪ ላክንላቸው፤ አርመው መለሱልን። የስድስተኛ ፎቁ ልጅ በኳስ መስኮታቸውን ሰብሮ የይቅርታ ደብዳቤ ቢጽፍላቸው «ድርጊቱ እንዳይደገም የተወሰደው እርምጃ አልተብራራም» ብለው ከነምስጋናቸው መልሰውለታል። ብስክሌታቸው የተሰረቀ ለት ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ አብሬአቸው ሄጄ ነበር። ብስክሌቱን እስከ ዛሬ አንስተውት አያውቁም፤ ፖሊሱ ክፍት የተዋትን አንዲት መስመር ግን አሁንም ያነሳሉ።

«ባዶ መስመር የሌባ በር ነው» ይላሉ። ይህችን አባባል በቀን ቢያንስ ሁለቴ ሳይሏት አያመሹም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ማህተማቸው አለ። የትንሽ ጣት ያህላል፤ መብረቅ ከመታው የቁርቁራ እንጨት የተቀረጸ ነው። መብረቅ የመታው እንጨት ክፉ ነገር አያስጠጋም ይባላል፤ በቆዳ ከረጢት ሆኖ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይኖራል። ፊርማ ለእሳቸው ጭረት ነው፤ ማንም ይጭረዋል። በዚህ ላይ የአርባ ዓመት ልማድ አላቸው፦ ሁለት ገጽ ከተያያዘ የአንዱን ጠርዝ አጠፍ ያደርጉና መገናኛው ላይ ማህተማቸውን ይረግጡበታል፤ የማህተሙ ግማሽ እዚህኛው ገጽ ላይ፣ ግማሹ እዚያኛው ላይ እንዲያርፍ። አንዱን ገጽ ሰርቆ በሌላ መተካት የሚፈልግ ሰው ቢመጣ ግማሾቹ አይገጥሙለትም። በሕንፃችን የነዋሪዎች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ገጽ ሊሰርቅ የመጣ ሰው እስካሁን ባይኖርም፣ እሳቸው ዝግጁ ናቸው።

የእኔና የእሳቸው ታሪክ የሚጀምረው በዚያው ሊፍት ውስጥ ነው።

ልጄ ሶል ስድስት ዓመቷ ነው። የሚጥል በሽታ አለባት። ደህና በሚባለው ቀን ስምንት ጊዜ ትወድቃለች፣ በክፉው ቀን ከአሥር ያልፋል። ባለቤቴ መርከበኛ ነው፤ በዓመት ዘጠኝ ወር ባሕር ላይ ስለሆነ ይህን ቁጥር የምቆጥረው እኔ ነኝ። አምስት ዓይነት መድኃኒት ሞከርን፤ አንዱ አስተኛት፣ አንዱ ምግብ አስጠላት፣ ሦስቱ ምንም አላደረጉ። በመጨረሻ ጆንጁ ከተማ ያለችው ሐኪሟ ዶክተር ታክ በሩን ዘጋችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ዘይት አለ» አለች። «የሚያሰክረው ነገር የለበትም። ከውጭ ነው የሚመጣው። ሕጉ ከተለወጠ ወዲህ እንደ ሶል ላሉ ልጆች ይፈቀዳል፤ ግን በሐኪም ማዘዣና በመንግሥት ፈቃድ ብቻ ነው። ወረቀቱ ትንሽ ይበዛል።»

ካናቢስ። እኛ አገር ዘፋኝ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ በካሜራ ፊት አንገቱን ደፍቶ ሕዝብን ይቅርታ የሚጠይቅበት ቃል ነው። ማመልከቻውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ በላዩ ላይ የሶልን ሹራብ ደርቤ ቤቴ ልገባ ሊፍት ያዝኩ። ውስጥ የ903ቷ ወይዘሮ ዎን አንድ እቅፍ የሽንኩርት ቅጠል ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ኃላፊ ፕዮ አሉ። ከሹራቡ ሥር የወጣው የወረቀት ጠርዝ ሁለት ጣት አይሞላም ነበር፤ ለእሳቸው በቂ ሆነ።

«የሶል እናት፣ ይኼ የካናቢስ መድኃኒት ፈቃድ ማመልከቻ አይደለም እንዴ?» አሉ በሙሉ ድምፃቸው።

ወይዘሮ ዎን ሽንኩርቷን ወደ ደረቷ ጥብቅ አደረገች። «ሐሺሽ ነው የሚሉት፣ ኃላፊ?»

«ሐሺሽ መች ወጣኝ? የታዘዘ መድኃኒት ነው ያልኩት። በሐኪም የታዘዘ፣ በሕግ የተፈቀደ።»

«ለልጅ?»

«ለልጅ። ነገሩ ሕገ ወጥ ቢሆን የሶል እናት ፎርም ትሞላ ነበር? ወንጀለኛ ፎርም ሲሞላ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ወይዘሮ ዎን ብታስብም አይታ አታውቅም መሰለኝ። ሊፍቱ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሲከፈት ሽንኩርቷን ይዛ ወጣች፤ ወሬውን ግን ይዛው አልቀረችም። በማግስቱ ጠዋት ሕንፃው ሁሉ ያውቅ ነበር። መሬት ዋጥ ቢያደርገኝ በወደድኩ። ሁለት እናቶች ከመጫወቻው ሜዳ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዎን አንድ ሣጥን በበርበሬ የተብላላ የኪምቺ ጎመን ይዛ መጣችና በር ላይ ቆማ ስትንተባተብ ቆየች።

«የሶል እናት፣ እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው... ለጉልበትስ ይሆናል?»

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ኃላፊ ፕዮ ሌሊቱን ሕጉን አንብበው አድረው፣ ጠዋት ጥበቃው ቤት አጠገብ ቆመው ለሚያልፈው ሁሉ ሲያስረዱ አርፍደዋል። ሰው መፍራቱን ትቶ መጠየቅ ጀምሯል። ለጉልበት፣ ለወገብ፣ እንቅልፍ ለማጣት፣ አንዷማ ለምራቷ ጠባይ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተዋቸዋል፦ «አይቻልም። ዝርዝሩ ውስጥ የለም።» መጫወቻው ሜዳ ላይ ልጆቹ ተመለሱ። ይህን ለእኔ ብለው ያደረጉት እንደሆነ አንድም ቀን አልነገሩኝም፤ እኔም በሰዓቱ አላመሰገንኳቸውም፣ ተናድጄባቸው ስለነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባዶ ፋይል ታቅፈው በሬን አንኳኩ።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» አሉና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

ጉዳዩ እንዲህ ነበር። ሐኪሟ የበሽታውን ምስክር ወረቀት ትጽፋለች። ሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ በዚህ አገር ሌላ የሚተካ መድኃኒት እንዳልተገኘ አስተያየቷን ታሰፍራለች። የተሞከሩት መድኃኒቶች ታሪክ ይያያዛል። ከእኔ ማመልከቻ ጋር ተጠቅልሎ ለመንግሥት ይላካል። ፈቃዱ ሲመጣ ሴኡል ካለው የብርቅ መድኃኒቶች ማዕከል ሄዶ ጠርሙሱን መቀበል ነው። ሰው በአንድ ከሰዓት የሚሞላውን ማመልከቻ እኔና ኃላፊ ፕዮ አራት ቀን ሞላነው። «ሌላ ካለ ይጠቀስ» የሚለው መስመር ላይ ምንም የምጠቅሰው አልነበረኝም።

«ይለፈው» አልኩ።

«ባዶ መስመር?» አሉ። ጤንነታቸው አሳሰበኝ። «'የለም' ብለሽ ጻፊ። የለምም መልስ ነው።»

የጥያቄው ምክንያት የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ «ልጄ በቀን አሥር ጊዜ ትወድቃለች» ብዬ ጻፍኩ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ሊያርሙት ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ይኼ የእናት ስሜት ነው» አሉ። ቀጥለው ምንጣፉ ላይ ሆና በእርሳሳቸው ዓሣ የምትስለውን ሶልን አዩ። «ግን ቁጥር አለው። ቁጥር ያለው ስሜት ማስረጃ ነው። ይቀመጥ።»

ፋይሉን በአደራ ፖስታ የላኩት እሳቸው ናቸው። እንደ ሠርገኛ ጸጉራቸውን ተቀብተው ነው ፖስታ ቤት የሄዱት።

በስምንተኛው ቀን ረቡዕ ስልኬ ጮኸ። ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የደወለች ትሁት ድምፅ ነበረች።

«የሶል እናት፣ ፋይሉ በጣም የተሟላ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። የሐኪሟ አስተያየት ጠርዝ ላይ የሐኪሟ ያልሆነ ግማሽ ማህተም አለ። ሌላው ግማሽ ማመልከቻዎ ላይ ነው። ፕዮ ሃክጉን ማን ናቸው?»

«ጎረቤቴ ናቸው» አልኩ።

«ሐኪም ናቸው?»

«የክፍል ኃላፊ ናቸው።»

«የየትኛው ክፍል?»

ምን ልበላት? ነገሩ ቀላል ነበር፦ የሐኪም ሰነድ ላይ የሌላ ሰው ምልክት ካረፈ ሰነዱ ተነካክቷል ማለት ነው፤ ተቀባይነት የለውም። «አዲስ ያጽፉና ይላኩልን፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው» አለችኝ። እሷ የማታውቀው፣ ዶክተር ታክ አርብ ለአንድ ዓመት ትምህርት ከአገር እንደምትወጣ ነው። የሚተካት ሐኪም ሶልን የሚያያት ከሁለት ወር በኋላ ነው ተብያለሁ። ሁለት ወር ለሌላው ሰው ሁለት ወር ነው። ለእኔ በቀን አሥር ነው፤ ስድሳ ቀን ሲመታ ስንት እንደሚሆን አስሉት።

ደረጃውን በእግሬ ወጣሁ። ኃላፊ ፕዮ ማንኪያ ይዘው በሩን ከፈቱ፤ ሾርባቸው ከኋላ ይታያል። የተባልኩትን ነገርኳቸው። ነግሬ ብተወው ጥሩ ነበር።

«ማን ማህተም ያድርጉበት አለዎት?» አልኩ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል አልሰሙም? ለእርስዎ ወረቀት ነው። ለእኔ ልጄ ናት።»

ማንኪያቸውን አዩ። «ገጹ እንዳይለወጥባት ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ወረድኩ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ግማሹ በሶል ነው፣ ግማሹ በማንኪያው።

ሐሙስ ጠዋት ገና ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ኃላፊ ፕዮ ጡረታ የወጡ ለት የለበሱትን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ የሠላሳ ዓመት አገልግሎት ዓርማቸው ደረታቸው ላይ አለ። ሶል ከባድ ጠዋት ላይ ነበረች፤ ሁለቴ ወድቃ አሁን እንቅልፍ ይዟታል። ልጄን ትቼ ጆንጁ መሄድ እንደማልችል እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም አውቀዋል። የውክልና ወረቀት አዘጋጅተው መጥተዋል። ከታካሚዋ ጋር ያለ ዝምድና በሚለው ላይ በጥንቃቄ «ጎረቤት» ተብሏል። ፈረምኩላቸው።

ከዚያ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ከተቱና የቆዳዋን ከረጢት አወጡ። በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ይኼ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። እጄን አላምነውም።»

ከረጢቷ ሞቃት ነበረች። ሊፍቱ ይዟቸው ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከዶክተር ታክ ነው። ኃላፊ ፕዮ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደርሰዋል። ቀጠሮ አልነበራቸውም። የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ «ዛሬ የዶክተሯ የመጨረሻ ቀን ነው፣ ሰው ሞልቷል፣ ደግሞም ጎረቤት ዘመድ አይደለም» ብላ መለሰቻቸው። አልተከራከሩም፤ ዶክተሯ ይህን ስትነግረኝ አላመንኳትም። ሄደው ከዶክተሯ ክፍል በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይነሱና ወገባቸው እስኪታጠፍ እጅ ይነሳሉ።

«እኔም በምላሹ እጅ እነሳለሁ» አለችኝ ዶክተር ታክ በስልክ። «ለሽማግሌ ምን ይደረጋል? ሠላሳ ሰባት ታካሚ ነበረኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ወገቤን ያዘኝ። በሠላሳ ስምንተኛው እሳቸውን አስገባኋቸው።»

ወረቀቱን ስትጽፍ እጃቸውን ከጀርባቸው አጣምረው ቆመው ነበር አሉ። ፈርማ ስታስረክባቸው አዩት፣ ገልብጠው አዩት።

«ፊርማ ብቻ ነው?» አሉ።

«ፊርማ ብቻ።»

«ማህተም...»

«አያስፈልገውም፣ አባት።»

ባዶ ደረት ኪሳቸውን ዳሰሱ አለችኝ። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ቆመው ነው የመጡት፤ ከተቀመጡ ወረቀቱ ይታጠፋል ብለው ፈርተዋል። ሲያስረክቡኝ ጠርዝ ጠርዙን በሁለት ጣት ይዘውት ነበር። እኔ በረቡዕ ቃሌ አፍሬ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት «ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው» ብለው አቋረጡኝ።

ፈቃዱ በአሥራ ሁለት ቀን መጣ። ሴኡል ሦስታችንም በአውቶቡስ ሄድን። እኔ መታወቂያዬን ያዝኩ፣ ሶል ዓሣ የሳለችበትን ደብተር ያዘች፣ ኃላፊ ፕዮ የሁሉንም ሰነድ ሦስት ሦስት ቅጂ በቦርሳ ያዙ። ማዕከሉ ውስጥ ያለችው ፋርማሲስት መታወቂያዬን አየች፣ ፈቃዱን አየች፣ ማዘዣውን አየች፣ አወሳሰዱን አስረዳችኝ፣ ጠርሙሱን ሰጠችኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ኃላፊ ፕዮ ከመስኮቱ አልነቃነቅ አሉ። «ሌላ ወረቀት አትፈልጊም?»

«አልፈልግም፣ አባት።»

«የመኖሪያ ምስክር ወረቀት አለን።»

«አያስፈልግም።»

«ባያስፈልግም አለን። ከሦስት ወር ያላለፈው።»

ፋርማሲስቷ ሰው የገባት ነበረች። ፋይሉን ተቀብላ ገጽ በገጽ ገለበጠችና «እንዲህ የተሟላ ፋይል አይቼ አላውቅም» አለች። አውቶቡሱ መሀል መንገድ ላይ ለእረፍት እስኪቆም ድረስ፣ ከዚያም ትኩስ የለውዝ ኬክ እየበላን፣ ከዚያም እስከ ጉንሳን፣ ኃላፊ ፕዮ ስለዚህች ፋርማሲስት አስተዳደግ አወሩልን።

መድኃኒቱ ዘይት ነው፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ተለክቶ አፍ ውስጥ ይንጠባጠባል። እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ወይዘሮ ዎን ልታሸተው መጥታ በጣም አዘነች፤ ሌላ ነገር ጠብቃ ነበር መሰለኝ። ኃላፊ ፕዮ መስመር የተሠመረበት ደብተር አምጥተው በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደወደቀች እንድመዘግብ አዘዙኝ፤ ለሚቀጥለው ፈቃድ ሐኪሙ ይጠይቃል። በየእሑዱ ይመረምሩታል። አሥር፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ስድስት። መጠኑ ቀስ በቀስ ከፍ አለ። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት። ሶል ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን መዋል ጀመረች። እሳቸውን እንደ አያት ቆጥራ «አባባ ማህተም» ብላ ስም አወጣችላቸው፤ ማህተሙ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ መሆኑን ግን አልነገርኳትም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። አልፎ አልፎ በር ላይ ሆነው «እሱ ነገር ደህና ነው?» ይሉኛል፣ «ደህና ነው» እላለሁ፣ ያልፋል።

አንድ እሑድ ደብተሩን ሲገልጡ ጣታቸው ማክሰኞ ላይ ቆመ።

«ባዶ መስመር» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ሐዘን ነበር። «የሶል እናት፣ ከአንቺ አልጠብቅም ነበር።»

«ረስቼ አይደለም፣ ኃላፊ። ያን ቀን አልወደቀችም። የሚጻፍ ነገር አልነበረም።»

እስክሪብቶውን አቀበሉኝ። ዜሮ ጻፍኩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት፣ እንደገና ጠረጉት። ዜሮዋን ብዙ ጊዜ አዩዋት።

«ክብ አይደለችም» አሉ በመጨረሻ። «አስተካክያት።»

በሽታው ጨርሶ አልሄደም፤ ውሸት አልጽፍም። አሁንም የሁለትና የሦስት ቀን አለ። የዜሮ ቀን ግን አለ፣ እኔ ደግሞ የዜሮ ቀን ምን ማለት እንደሆነ የማውቅ ሰው ነኝ።

ባለፈው ጥቅምት ሦስተኛው ጠርሙስ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሶልን ትኩሳት ያዛት። ትኩሳት ያለባትን ልጅ ይዞ መንገድ አይወጣም፤ ትቶም አይወጣም። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ደግሞ ወደ አሥር መመለሳችን ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ኃላፊ ፕዮ ግን የጠርሙሱን ማለቂያ ቀን ግድግዳቸው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በቀይ ከብበውታል። ማለዳ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው በሬ ላይ ቆመው ተገኙ። ያልተሞላ የውክልና ቅጽ ይዘዋል።

«ሙዪው፤ ለአውቶቡሱ አርባ ደቂቃ አለኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ሞላሁ። ስማቸውን፣ አድራሻቸውን፣ የመታወቂያ ቁጥራቸውን፤ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ስንት ጊዜ አስጽፈውኛል። ከታካሚዋ ጋር ያለ ዝምድና የሚለው ላይ ስደርስ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ጻፍኩና ሰጠኋቸው።

ቆመው አነበቡ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቁጭ አሉ።

«የሶል እናት፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«'አያት' ይላል።»

«አዎ።»

«እኔ አያት አይደለሁም። የቤተሰብ መዝገቡ ላይ የለሁም። በሰነድ ላይ ሐሰት ማስፈር በሕግ ያስቀጣል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይኼን ስቀጣ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«እሷ የምትጠራዎትን ነው የጻፍኩት።»

ሶል ከፍራሿ ላይ ሆና፣ ፊቷ በትኩሳት እንደቀላ፣ «አባባ ማህተም፣ የለውዝ ኬክ ታመጣለህ?» አለች።

ኃላፊ ፕዮ ከቦርሳቸው ሌላ ቅጽ አወጡ፤ ሁልጊዜ መለዋወጫ ይይዛሉ። በራሳቸው እጅ ሞሉት፣ ዝምድና የሚለው ላይ «ጎረቤት» ብለው ጻፉ፣ አስፈረሙኝ፣ ፋይላቸው ውስጥ ከተቱት። የእኔን ቀደው ይጥሉታል ብዬ ጠበቅኩ።

«እሱን ነገር አምጪው» አሉ።

ከቁም ሣጥን አወጣሁላቸው። ሰባት ወር ሆኖታል። ከረጢቱን ፈቱ፣ ማህተሙን በትንፋሻቸው አሞቁት፣ በቀዩ ቀለም ነከሩት። የሶልን ደብተር ዜሮዋ ያለችበት ገጽ ላይ ከፈቱ። የእኔን የተሳሳተ ቅጽ አጠገቡ አስቀመጡ፣ ጠርዙን አጠፍ አደረጉና ገጹ ላይ ደረቡት። መገናኛው ላይ ማህተሙን አሳረፉ፤ ግማሹ ዜሮዋ ጎን፣ ግማሹ «አያት» የሚለው ጎን። እስኪደርቅ እፍ አሉበት።

«ይኼኛው የትም አይቀርብም» አሉ። «እንዲያው እንዳይለያይ ነው።»

ደብተሩን ከነቅጹ በላስቲክ ሸፍነው መደርደሪያዬ ላይ ራሳቸው አስቀመጡት። ማህተሙን ወደ ኪሳቸው ሊከቱ አሰቡና ቆም አሉ፤ መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። እኔ ዓይኔን ልጠርግ ዞር ከማለቴ በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ ሊፍቱን በአንድ እግራቸው ይዘው ቆመዋል።

«የሶል እናት፣ ያ ወረቀት ላይ ቀን አልጻፍሽበትም» አሉ።

ሊፍቱ ተዘጋ። ገብቼ ከመደርደሪያው አወረድኩትና የዕለቱን ቀን ጻፍኩበት።